ከአቪኞን እስከ ኒስ፦ በደቡብ ፈረንሳይ የጥንታዊ ዕቃ ገበያዎች የአራት ቀን ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ሊል-ሱር-ላ-ሶርግ የገባሁት ማክሰኞ ቀን ነው። ሦስት መቶ የሚደርሱ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች አሉባት የተባለችውን ትንሽ ከተማ ለማየት ከምኖርበት ከጀርመን ድረስ ሄጄ፣ ያገኘሁት የተከረቸመ በርና በቦዩ ውስጥ የድንጋይ ሽበት ለብሶ ቀስ እያለ የሚዞር የእንጨት መንኮራኩር ነበር። መንኮራኩሩ ያምራል። ባዶ ሻንጣ ይዞ የመጣን ሰው ግን አያጽናናም። ቡና የቀዳችልኝ ሴት «ሰው የሚመጣው እሑድ ነው» አለችኝ። ምክሯ ትክክል ነበር፤ የደረሰኝ ግን ሁለት ቀን ዘግይቶ ወይም አምስት ቀን ቀድሞ ነው።

ስለዚህ ይህን መመሪያ የምጀምረው ከቀን ነው። የደቡብ ፈረንሳይ አሮጌ ዕቃ እንደ እኛ አገር የገጠር ገበያ ቀን አለው፤ ቅዳሜ እዚህ፣ እሑድ እዚያ፣ ሰኞ ደግሞ ከባሕሩ ዳር። ቀኑን የያዘ ሰው ከተማውም፣ ባቡሩም፣ ሆቴሉም በራሳቸው ጊዜ ቦታ ቦታቸውን ይይዙለታል። (ዓመታቱንና ወራቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሰዓቱ ግን የእኛው ነው፤ በፈረንሳይ ግድግዳ ላይ 7 የሚያሳየው ሰዓት እዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው።)

አንደኛ፦ የገበያዎቹን ስም ይለዩ

እኛ «ያገለገለ ዕቃ» ብለን በአንድ ስም የምናልፈውን ፈረንሳዮች በብዙ ስም ይከፋፍሉታል፤ ስሙም ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚጠብቅዎ አስቀድሞ ይነግርዎታል።

«ቪድ ግርኒዬ» ማለት በቀጥታ ቆጥ ማራገፍ ነው። የመንደሩ ሰው ከቤቱ የተረፈውን አውጥቶ አደባባይ ላይ ይዘረጋል። ሕጉ አንድ ግለሰብ በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ እንዲህ እንዲሸጥ አይፈቅድለትም፤ ስለዚህ ሻጩ ነጋዴ አይደለም፣ የያዘውንም ሁልጊዜ አያውቀውም። ርካሽ ነው። ከብዙ ጠረጴዛ ላይ የሚያገኙት ግን የሕፃን ጫማና የፕላስቲክ መጫወቻ ነው፤ ትዕግሥት ለሌለው ሰው አልመክረውም። የትኛው መንደር መቼ እንደሚያካሂድ «ብሮካብራክ» የተባለው ድረ ገጽ በየአካባቢው ይዘረዝራል።

«ብሮካንት» የሚባለው የባለሙያ ነጋዴዎች የአደባባይ ገበያ ነው። ይህ ጉዞ በአብዛኛው በእነዚህ ላይ የቆመ ነው። «አንቲኬር» ደግሞ ሱቅ ያለው፣ ዕቃውን አጥንቶ የሚሸጥና በደረሰኝ ላይ ዘመኑን ጽፎ የሚፈርም ሰው ነው። ዋጋውም እንደዚያው ከፍ ይላል።

«ማርሼ ኦ ፑስ» ቃል በቃል የቁንጫ ገበያ ነው፤ ስሙ በአሮጌ ጨርቅና ፍራሽ ውስጥ ከሚፈላው ቁንጫ መጣ ይባላል። በከተማው ሰሜናዊ ክፍል ያለው የማርሴይ ፑስ እሑድ እሑድ ይደምቃል። ምናለሽ ተራን ዞሮ የሚያውቅ ሰው እዚያ አይደናገርም፤ ቦርሳውንም ከፊት ማንጠልጠል ማንም አያስተምረውም።

ሁለት ስሞች ይቀራሉ። «ኤማዩስ» በ1949 አቤ ፒዬር በተባሉ ቄስ የተመሠረተ የበጎ አድራጎት ማኅበር ነው፤ በስጦታ የሚሰበስበውን ዕቃ በየከተማው ባሉ መጋዘኖች ይሸጣል። የሚከፍተው በተወሰኑ ቀናት ስለሆነ አስቀድመው ይመልከቱ። «ዴባላዥ» የሚባለው ደግሞ በአቪኞን፣ በቤዚዬና በሞንፔሊዬ የሚካሄድ የነጋዴዎች ብቻ ገበያ ነው። የንግድ ፈቃድ ከሌለዎት በሩ ላይ ይመልሱዎታልና ማስታወቂያውን አይተው አይጓጉ።

ሁለተኛ፦ ጉዞውን በሳምንቱ ቀናት ላይ ይሥሩ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ከዓርብ እስከ ሰኞ ያሉት አራት ቀናት ይበቃሉ።

ዓርብ አቪኞን ይግቡ። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ፓሪስ መሐል ገብቶ መንከራተት የለበትም፤ ሻርል ደ ጎል አየር ማረፊያ ውስጥ የፈጣን ባቡር ጣቢያ አለ፣ ከዚያ ወደ አቪኞን በቀጥታ የሚሄድ ባቡር ይገኛል። ከፓሪስ ጋር ደ ልዮን ጣቢያ ከተነሡ ጉዞው ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ነው። አቪኞን ሁለት ጣቢያ እንዳላት ልብ ይበሉ፦ ፈጣኑ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያቆማል፤ ከዚያ ትንሿ የአካባቢ ባቡር በአምስት ደቂቃ ገደማ ወደ መሐል ከተማው ጣቢያ ታደርስዎታለች። ማደሪያዎን በዚህ በመሐሉ ጣቢያ አጠገብ ይያዙ፤ የእሑዱ ባቡር የሚነሣው ከዚያ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የሮንን ወንዝ ተሻግረው ወደ ቪልነቭ-ሌዛቪኞን ይሂዱ። አውቶቡስ አለ፤ እግር ካለዎት ደግሞ በእግር ይደረሳል። ገበያው መካከለኛ ነው፣ ሕዝቡ አይጋፋም፣ ነጋዴውም ለማውራት ጊዜ አለው። እኔ ይህን ቀን እንደ ልምምድ ነው የማየው፦ ዋጋ ይጠይቁ፣ ዕቃ አንሥተው ይመዝኑ፣ የአንድ ዓይነት ድስት ሦስት ዋጋ ይስሙ። ሲችሉ ምንም አይግዙ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሊል-ሱር-ላ-ሶርግ ብቅ ብለው የሱቆቹን ግቢዎች ይቃኙ፤ አብዛኞቹ ሱቆች ከቅዳሜ እስከ ሰኞ ክፍት ናቸው፣ እኔ በማክሰኞ ያጣኋቸውም ለዚሁ ነው።

እሑድ የጉዞው እምብርት ነው። ሊል-ሱር-ላ-ሶርግ ከአቪኞን በስተምሥራቅ በአካባቢ ባቡር የግማሽ ሰዓት መንገድ ናት። የሶርግ ወንዝ ተከፋፍሎ ያቅፋታል፤ መንኮራኩሮቹ ድሮ የሐርና የሱፍ ሥራ ቤቶችን ያንቀሳቅሱ ነበር። የጥንታዊ ዕቃ ንግድ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሥር ሰዶባታል። በመሐል ከተማው መንገዶች ላይ የወይራ፣ የአይብና የአትክልት ገበያ ይዘረጋል፤ አሮጌ ዕቃው በውኃው ዳር በኳትር ኦታዥ ጎዳና ላይ ይደረደራል፤ ከዚያ አለፍ ብሎ «መንደር» እያሉ የሚጠሯቸው፣ በአንድ ግቢ ብዙ ነጋዴ የሚይዙ ሕንፃዎች አሉ።

ቅደም ተከተሉ ይኸውልዎ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይድረሱ፤ መኪና የያዘ ሰው ከ3 ሰዓት በኋላ ማቆሚያ ፍለጋ ከተማውን ሲዞር ይውላል። መጀመሪያ የአደባባዩን ጠረጴዛዎች በፈጣን እርምጃ አንድ ጊዜ ዳር እስከ ዳር ያዳርሱ። ጥሩ ነገር ከሳጥን ሲወጣ የሚያየው ሰው ነው የሚገዛው፤ ሱቅ ውስጥ ያለው ግን እስከ ከሰዓት ይቆይዎታል። ቀትር ላይ አይጠይቁ። በዚያ ሰዓት ነጋዴዎቹ ለሽያጭ ካቀረቡት ጠረጴዛ አንዱን ጨርቅ አልብሰው፣ ዳቦና ወይን ጠጅ ደርድረው በራሳቸው ዕቃ መሐል ይመገባሉ። አፉ ውስጥ ጉርሻ ያለ ሰው ዋጋ ሲጠየቅ ደስ አይለውም፤ ቅናሹም እዚያው ይቀራል። እርስዎም ይብሉና በ8 ሰዓት ይመለሱ።

ግፊያ የማይወድ ሰው በዚያው እሑድ በካርፓንትራ የሚዘረጋውን አነስተኛ ገበያ ሊመርጥ ይችላል፤ ከ2015 ጀምሮ ከአቪኞን ባቡር ይሄዳል።

እሑድ በ10 ሰዓት አካባቢ ሊልን ለቅቀው በማርሴይ በኩል ወደ ኒስ ይሳፈሩ። ረጅም ነው፤ ከማርሴይ እስከ ኒስ ብቻ ከሁለት ሰዓት ተኩል ያላነሰ ነው። ዋጋ ያለው ምክንያት ግን አለ። በኒስ አሮጌው ከተማ ኩር ሳሌያ የተባለው ረጅም አደባባይ ከማክሰኞ እስከ እሑድ የአበባና የአትክልት ነው፤ ሰኞ ሰኞ ግን አበባው ይነሣና ብር ማንኪያ፣ የሽቶ ጠርሙስ፣ የድሮ ፖስተርና ጌጣጌጥ ይተካዋል። ከሊል ጋር ሲነጻጸር እዚህ የቤት ዕቃ ያንሳል፣ ትንንሹና ሻንጣ የሚገባው ይበዛል፤ ለመጨረሻ ቀን የሚሆነውም ለዚህ ነው። ዝናብ ከጣለ በባቡር ወደ ካን ይሂዱ፤ ፎርቪል የተባለው የአትክልት ገበያ ሰኞ ለአሮጌ ዕቃ ይለቀቃል፣ ጣሪያም አለው። ከኒስ ወደ አየር ማረፊያው ደግሞ የከተማው ባቡር ቁጥር 2 መስመር ይወስዳል።

በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ላይ ከሆኑ ከእነዚህ በፊት አርልን ይጨምሩ፤ ብሮካንቱ በሊስ ጎዳና ላይ ይዘረጋል። ወደ ምዕራብ የሚያዘነብል ሰው ደግሞ በግንቦት (ሜይ) የመጀመሪያ እሑድና በጥቅምት (ኦክቶበር) ሁለተኛ እሑድ በፔዝና የሚደረገውን ትልቅ ገበያ አይርሳ።

ሦስተኛ፦ ወቅቱ

ሊል በዓመት ሁለት ጊዜ ትልቅ ትርዒት ታደርጋለች፦ በፋሲካና በነሐሴ (ኦገስት) 15 ሰሞን። ፋሲካው የእነርሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከእኛው ቀድሞ ስለሚውል በእኛ ቀን መቁጠሪያ ሆቴል እንዳይይዙ። ኦገስት 15 ደግሞ በእኛ ነሐሴ 9 ቀን፣ ፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው፤ ለጾመኛ ግን ደቡብ ፈረንሳይ ከሰሜኑ ይሻላል። ኒስ ውስጥ «ሶካ» የሚሉት ከሽምብራ ዱቄት፣ ከውኃና ከወይራ ዘይት የሚጋገር ቂጣ አለ፤ ትኩሱን ቁንዶ በርበሬ ነስንሰው በእጅዎ ይበሉታል። ሐምሌ (ጁላይ) የአቪኞን የቴአትር ፌስቲቫል ወር ስለሆነ የአልጋ ዋጋ ጣሪያ ይነካል።

እኔ ሜይና ሴፕቴምበርን እመርጣለሁ። በየትኛውም ወር ግን ሚስትራል የሚሉትን ከሰሜን በሮን ሸለቆ የሚወርድ ኃይለኛ ነፋስ ትንበያ ይመልከቱ። ሚስትራል በነፈሰ ቀን ብርጭቆና ሸክላ የሚሸጡት ሳጥናቸውን አይፈቱም።

አራተኛ፦ ከቤት ሳይወጡ

የሚፈልጉትን በወረቀት ይጻፉ፤ ቢበዛ አምስት ነገር። «የሚያምር ነገር ካገኘሁ» ብሎ የሄደ ሰው የሚያምር ነገር ሁሉ ያገኛል፣ ከዚያም ቤቱ ውስጥ የት እንደሚያኖረው ይጠፋዋል። የግድግዳውን፣ የበሩንና የደረጃውን መታጠፊያ ስፋት ለክተው ስልክዎ ውስጥ ያስገቡ። እኔ ደረጃውን አልለካሁም ነበር፤ ያን ጊዜ የገዛሁት መስታወት ዛሬም ያለው ምድር ቤት ከሚኖሩ ጎረቤቴ ዘንድ ነው። በየቀኑ ይታዩበታል፤ እኔም ስገባና ስወጣ ሰላም እለዋለሁ።

መያዝ ያለብዎት ብዙ አይደለም፦ ሜትር፣ አጉሊ መነጽር፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ማግኔት፣ ያረጁ ፎጣዎች (ለመጠቅለያ ከጋዜጣ ይሻላሉ)፣ ጠንካራ ዘንቢል። ሻንጣዎ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይሂድ።

ገንዘብን በተመለከተ በአደባባይ ገበያ ጥሬ ገንዘብ ይዞ መገኘት ግዴታ ነው ማለት ይቻላል። ባለ 5፣ ባለ 10 እና ባለ 20 ዩሮ ኖቶች ይዘርዝሩ፤ አሥራ አምስት ዩሮ ለማስቀነስ ተከራክሮ ባለ መቶ መምዘዝ ያሳፍራል። ሕጉንም ይወቁ፦ ፈረንሳይ ውስጥ የሚኖር ሰው ለነጋዴ በጥሬ ገንዘብ መክፈል የሚችለው እስከ 1,000 ዩሮ ነው፤ መኖሪያው ከአገሪቱ ውጭ የሆነ ለግል ጉዳዩ የሚገዛ ሰው እስከ 15,000 ዩሮ ይፈቀድለታል። ወደ አውሮፓ ኅብረት ሲገቡ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ከያዙ ለጉምሩክ ማስታወቅ አለብዎት።

አምስተኛ፦ ዕቃውን መመርመር

ጉዞው የሚለየው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለን እንየው።

ከብር እንጀምር። ኩር ሳሌያ ላይ አንድ የጠቆረ ጭልፋ አነሣሁ እንበል። ከእጀታው ጀርባ፣ የሩዝ ፍሬ የማያህሉ ሁለት ማህተሞች አሉ። በአጉሊ መነጽር ሳየው አንዱ የራስ ቁር የደፋች ሴት የጎን መልክ ነው፤ ይህች ሚኔርቭ ናት፣ ከ1838 ጀምሮ የፈረንሳይ መንግሥት በንጹሕ ብር ላይ የሚመታው ምልክት። አጠገቧ 1 ቁጥር ካለ ከሺህ 950ው እጅ ብር ነው፤ 2 ከሆነ 800ው። ሁለተኛው ማህተም የሠሪው ሲሆን ዙሪያው በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ከሆነ ዕቃው ብር ነው። ሠሪው ያለበት ማህተም በጎኑ የተቀመጠ ተራ አራት ማዕዘን ከሆነ ግን ብር የተቀባ ብረት ነው። ብዙ ጊዜ በተቀባው ላይ 84 ወይም 90 የሚል ቁጥር ይታያል፤ ይህን የንጥረት ልክ አድርጎ የሚያስረዳ ሻጭ ቢገጥምዎ ፈገግ ብለው ይለፉት፣ ቁጥሩ የሚናገረው የቅቡን መጠን ነው። የተቀባ መጥፎ ነው አላልሁም፤ ከ1830 ጀምሮ የሚሠራው የክሪስቶፍል ቤት ሹካና ማንኪያ የተቀባ ሆኖ ለገበታ እጅግ ያምራል። ዋጋው ብቻ የተቀባ ዋጋ ይሁን።

መዳብ ድስት በክብደቱ ይለያል። ለጌጥ የተሠራው ሲያነሡት ይቀልዎታል፤ ለወጥ ቤት የተሠራው ክንድ ይፈትናል። ውስጡን ይመልከቱ፦ ነጩ የቆርቆሮ ቅብ ተልጦ ቀዩ መዳብ ከታየ፣ እንደገና ሳይቀባ ቲማቲምም ሆነ ሌላ ኮምጣጣ ነገር አይሠሩበት። የማቀቢያውን ወጪ ከዋጋው ላይ ይደምሩ። ነሐስ ነው የተባለውን ማግኔት ያስጠጉበት፤ ከሳበ ውስጡ ብረት ነው። ማግኔቱ ባይስበውም ከሥሩ የተጫረ ቦታ ይፈልጉ፤ ጭረቱ ቢጫ ከሆነ ነሐስ ነው፣ ግራጫ ከሆነ ዚንክ ላይ የተቀባ ነው።

ቁምሣጥንና መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ ከፊት አይመረመርም። መሳቢያውን ጎትተው ያውጡ፣ ይገልብጡት። በእጅ የተሠራ መገጣጠሚያ ጥርሶቹ እኩል አይደሉም፤ በማሽን የተሠራው እንደ ማበጠሪያ ልክክ ያለ ነው። የነቀዝ ቀዳዳ በራሱ አያስፈራም፤ ከቀዳዳው በታች ትኩስ ዱቄት ካለ ግን ነቀዙ አልሞተም፣ ወደ ቤትዎ ሊሸኙት ነው።

የፕሮቫንስ ሸክላ ዓይን ይጠልፋል፦ የሙስትዬ ነጭ ሳህን፣ ግማሹ ብቻ ቢጫ የተቀባው የሥጋ ማስቀመጫ ማሰሮ፣ ፒካሶ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሸክላ መሥራት የጀመረባት የቫሎሪስ ዕቃ። በጥፍርዎ መታ ያድርጉት፤ ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። የድሮ ቅብ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ለምግብ ሳይሆን ለዓይን ይግዙት። ትልልቆቹ የአንዱዝ የአትክልት ማሰሮዎች ዛሬም በዚያው መልክ እየተሠሩ ስለሆነ ያረጀ የሚመስል ሁሉ ያረጀ አይደለም።

እኔ ከሁሉ የምወደው ጨርቁን ነው። ከተልባ ተክል የተፈተለ ከባድ የአልጋ አንሶላ፣ ጥጉ ላይ ሁለት ፊደል የተጠለፈበት። ፊደሎቹ የሙሽራዋና የሙሽራው የቤተሰብ ስም መነሻ ናቸው፤ ልጅቱ ከጋብቻዋ በፊት ለትዳሯ ትጠልፈው ነበር። የጥበብ ጥልፍ ያየ ዓይን ያላት ሰው የእጅ ሥራውን ከማሽኑ ለመለየት አስተማሪ አያስፈልጋትም፦ ጀርባውን ገልበጥ ነው። እውነተኛው ተልባ ሲነኩት ቀዝቀዝ ይላል፣ ክሩም ወፈር ቀጠን ይላል። አንሶላውን ሙሉ በሙሉ አስዘርግተው ወደ ብርሃን ይያዙት፤ የሳሳው መሐሉ ነው፣ አጣጥፎ የሚያስቀምጠው ነጋዴ የሚያሳይዎ ግን ጥጉን ነው።

ስለ ዘመን የሚነገርዎትን ቃል ደግሞ በጥንቃቄ ያዳምጡ። «ኤፖክ ሉዊ ካንዝ» ማለት በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ዘመን የተሠራ ነው። «ስቲል ሉዊ ካንዝ» ማለት የዚያን ዘመን መልክ ይዞ በኋላ የተሠራ ነው፤ ትናንትም ሊሆን ይችላል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት የወጣው በማርች 3 ቀን 1981 በተደነገገ ደንብ ነው፤ ሻጩ ደረሰኝ ላይ «ኤፖክ» ብሎ ከጻፈ ዘመኑን ዋስ ሆኖልዎታል። አፉ «ኤፖክ» እያለ እጁ «ስቲል» የሚጽፍ ነጋዴ አጋጥሞኛል። የሚታመነው እጁ ነው። «ዳን ሶን ዡ» ሲሉዎ ደግሞ ያልታደሰ፣ ያልተነካካ ማለት ነው፤ አንዳንዴ ምስጋና፣ አንዳንዴ ለተሰበረ እግር የተሰጠ የጨዋ ስም።

ስድስተኛ፦ ዋጋ መጠየቅ

መጀመሪያ «ቦንዡር መዳም» ወይም «ቦንዡር ሙስዩ» ይበሉ። ሳይሰላመዱ ዕቃ ማንሣት በፈረንሳይ ነውር ነው፤ ሰላምታ የሌለው ደንበኛ የሚሰማው ዋጋም ሌላ ነው። ከዚያ «ሴ ኮምቢየን?» (ስንት ነው?)። ዋጋውን ሰምተው ዝም ይበሉ፣ ዕቃውን ያገላብጡ። ብዙ ጊዜ ዝምታው ራሱ ጥቂት ዩሮ ያስቀንሳል። ካልቀነሰ «ቩ ፑቬ ፌር ኧን ፕቲ ፕሪ?» ይበሉ፤ ዋጋውን ዝቅ ሊያደርጉልኝ ይችላሉ? ነው ነገሩ።

መርካቶ ላይ የተጠራውን ዋጋ በግማሽ ብሎ መጀመር ጨዋታ ነው፤ እዚህ ስድብ ነው። ከመቶ አሥር፣ ደፋር ከሆኑ ሃያ ያህል ቅናሽ የተለመደው ክልል ነው። ዕቃውን አያጣጥሉ፤ ነጋዴው መርጦ የገዛው ነውና የነቀፉት እርሱን ነው። ይልቅ ሁለትና ሦስት ዕቃ ሰብስበው ለሁሉም አንድ ዋጋ ይጠይቁ። ምርቃት የሚባለውን ነገር በስሙ ባያውቁትም በተግባር ያውቁታል፦ ስድስት ሹካ ከገዙ ሰባተኛዋን፣ ጥንዷ የጠፋባትን፣ ወረቀቱ ውስጥ ጨምሮ ሊጠቀልልዎ ይችላል። ለመተው ሲወስኑም «መርሲ፣ ቦን ዡርኔ» ብለው ይሂዱ። በ11 ሰዓት ተመልሰው ሲመጡ ሰላምታዎን ያስታውሳል።

ሰባተኛ፦ የወረቀት ጠረጴዛዎቹን አይለፉ

ብዙ ሰው የማያየው ጥግ አለ፤ በጫማ ሳጥን የተሞላ የፖስታ ካርድ፣ የድሮ መጽሔት፣ የተሰረዘ የአክሲዮን ወረቀት። ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ጉዳይ አለው። ወደ ጅቡቲ የሚሄዱት የመሳዥሪ ማሪቲም መርከቦች የሚነሡት ከማርሴይ ነበር፤ የባቡር ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ወታደሩም በዚያው ይመለስ ነበር። ስለዚህ ከልጅ ልጆቻቸው ቆጥ የሚራገፈው ወረቀት ውስጥ ድሬዳዋ፣ ሐረርና ጅቡቲ ብቅ ይላሉ። ሻጩ ብዙ ጊዜ «አፍሪካ» ወይም «ጅቡቲ» በሚል ክፍል ውስጥ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ «ኢትዮጵያ» ብለው ቢጠይቁ የለም ይልዎታል፣ «አቢሲኒ» ይበሉት።

እኔ ከእንዲህ ያለ ሳጥን ያገኘሁት የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ንጉሠ ነገሥታዊ ኩባንያ ሰነድ ነበር፤ በ1897 ከጅቡቲ ሐዲድ መዘርጋት የጀመረው፣ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ገንዘብ ያለቀበት። ከሥሩ የወለድ መቀበያ ቁርጥራጮቹ አልተቆረጡም። ሰነዱን የገዛው ሰው ወለዱን ሳይቀበል እንደቀረ ከዚያ ያነባሉ። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲገዙ እጥፋቱ ያልተቀደደ፣ ቁርጥራጮቹ ያልጎደሉ ይምረጡ፤ በካርቶን መሐል አድርገው ሻንጣው ውስጥ ዝርግ ያድርጉት።

የብራና መጽሐፍ ወይም የቤተ ክርስቲያን መስቀል ከገጠመዎ ግን ሌላ ነው። ብዙው ለቱሪስት የተሠራና በጭስ ያረጀ ነው። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ከኢትዮጵያ በፈቃድ ስለመውጣቱ ወረቀት ይጠይቁ፤ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ ቅርስ ማውጣትን ይከለክላል። ወረቀት ከሌለ እኔ አልገዛም፤ «ከሌላ ሰው እጅ ላድነው» የሚለው ስሜት ይገባኛል፣ ነጋዴውም ይገባዋል፣ ዋጋውንም የሚሠራው በእሱ ላይ ነው።

ስምንተኛ፦ ወደ ቤት ማድረስ

ከመክፈልዎ በፊት የት እንደሚጭኑት ይወስኑ። ሸክላና ብርጭቆ በፎጣ ተጠቅልሎ በእጅ ሻንጣ ይሁን። ቢላዋ፣ የብር እጀታ ያለውም ቢሆን፣ በሚላከው ሻንጣ ውስጥ ይግባ። የፈረንሳይ ፖስታ ኮሊሲሞ የሚባለው ጥቅል እስከ 30 ኪሎ ይቀበላል። የቤት ዕቃ ከገዙ ነጋዴውን ስለ አጓጓዥ ይጠይቁት፤ በሊል ለዚህ ሥራ የሚመጡ አሉ። የማጓጓዣውን ዋጋ ኢንሹራንሱን ጨምሮ በጽሑፍ ሳይቀበሉ ለዕቃው አይክፈሉ፤ አንዳንዴ የአንድ ወንበር መንገድ ከወንበሩ ይበልጣል።

ሦስት ነገሮች ጉምሩክ ላይ ያስይዛሉ። የዝሆን ጥርስ አንዱ ነው፤ የድሮ የዓሣ ቢላዋዎች እጀታ ብዙ ጊዜ ከእሱ ነው፣ ንግዱም በጥብቅ የተገደበ ነው። የኤሊ ልባስ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ነገር ነው፤ አርል የሮማውያን ከተማ ስለነበረች የሸክላ ስባሪና ትንንሽ ምስል ሊቀርብልዎ ይችላል፣ ከቁፋሮ የወጣ ጥንታዊ ዕቃ ግን ዋጋው ዝቅ ያለም ቢሆን ከፈረንሳይ ለመውጣት የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ለአብዛኛው ሌላ ዕቃ ዘመኑ የተጻፈበት ደረሰኝ ይበቃል። በተለይ አሜሪካ የሚኖር ሰው ይህን ደረሰኝ አጥብቆ ይያዝ፤ በአገሩ የጉምሩክ መጽሐፍ ከ100 ዓመት በላይ የሆነ ዕቃ የራሱ መደብ አለውና ዕድሜውን ማሳየት ይኖርበታል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለምንኖረው ደግሞ ጉምሩኩ የለም፤ የቀረብን ደረጃውን መለካት ነው።